3 በ6 ሜትር ጋራዥ ውስጥ እንጨት ሥራ

ዛሬ ሜትር ተይዞ የተዋለው 3 በ6 ሜትር በሆነ የቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናው ማታ እዚያው ስለሚያድር፣ እያንዳንዱ ዕቃ ወይ ግድግዳ ላይ ይታጠፋል ወይ ጎማ ይኖረዋል።

ቀድሞ የሚታሰበው ማሽኑ ሳይሆን የሚቆረጠው ጣውላ ነው። ሙሉ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨፍልቆ የተሠራ ጣውላ) 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። እሱን በቁመቱ ለመሰንጠቅ ከሰርኩላሩ (በሚሽከረከር ዲስክ ጣውላ ከሚሰነጥቀው ባለ ጠረጴዛ መጋዝ) ዲስክ ፊት 2.5 ሜትር፣ ከኋላውም 2.5 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰርኩላሩ ጥግ ላይ ከተተከለ ዋጋ የለውም፤ ሲሠራ መሐል ይቆማል፣ ሲያበቃ ተገፍቶ ግድግዳ ይጠጋል። 4ቱም ጎማ ፍሬን ይኑረው። 2ቱ ብቻ ከተያዙ ማሽኑ ጣውላ ሲገፋበት ይዞራል።

ከኋላ የተሰነጠቀውን ጣውላ የሚቀበለው ጠረጴዛ ከሰርኩላሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ የጣውላው ጫፍ ይጋጭና ከመስመር ይወጣል፤ ያኔ ዲስኩ ይዞ ወደ ሠራተኛው ሊወረውረው ይችላል። ይህ ቀልድ አይደለም።

ግድግዳ ላይ የሚታጠፈውን ጠረጴዛ ብሎኬት ላይ በፊሸር (ብሎን በሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ብቻ ማሰር ስህተት ነው። የብሎኬት ሆድ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ ቀስ በቀስ ይነቀላል። ከወለሉ የሚነሱ 2 ሞራሌዎች (ባለ 4 ማዕዘን ረጃጅም እንጨቶች) ግድግዳውን ተደግፈው ይቁሙ፣ ማጠፊያው እነሱ ላይ ይታሰር፤ ክብደቱ ወደ ወለል ይወርዳል።

ለሰርኩላሩ ኤሌክትሪክ ከቆጣሪ ሳጥኑ የራሱ መስመር ይሳብለት። ቀጭን ማራዘሚያ እንደተጠቀለለ ሰርኩላር ሲጫንበት ይሞቃል፣ ልባሱም ይቀልጣል፤ ሥሩ ደግሞ ሰጋቱራ አለ።