የዲዮቅልጥያኖስ የዋጋ ዝርዝር

የሮሙን ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በስንክሳር ንባብ ውስጥ ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ ነው፤ ዓመተ ሰማዕታት የሚባለው የዘመን ቆጠራም የሚነሣው እርሱ ከነገሠበት ከ284 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ሰሞኑን ግን ስደቱን ከማወጁ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ301 ያወጣው የዋጋ አዋጅ ሐሳቤን ይዞት ሰንብቷል።

አዋጁ ከሺህ ለሚበልጡ ሸቀጦችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ ይወስናል። መቅድሙ ረጅም የቁጣ ንግግር ሲሆን፣ ለኑሮ ውድነቱ ተጠያቂ የሚያደርገው ስግብግብ ነጋዴዎችን ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበው ወታደሩ ሽልማቱንና ደመወዙን በአንድ ግብይት መነጠቁ ነው፤ ስለ ድሃው የሚናገረው ሁሉ ለእኔ ከዚህ ሥጋት በኋላ የመጣ ይመስለኛል። ከጣሪያው በላይ የሸጠም፣ ተስማምቶ የገዛም፣ ዕቃ የሸሸገም ቅጣቱ ሞት ነበር።

መቅድሙን አልፌ ዝርዝሩ ውስጥ ስገባ ግን ንጉሡን ረሳሁትና ሕዝቡን ማየት ጀመርሁ። በእርሻ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ ከነምግቡ 25 ዲናር፣ አናጢ ደግሞ ከነምግቡ 50 ዲናር ይከፈለዋል። ፊደል የሚያስቆጥር መምህር በአንድ ልጅ በወር የሚያገኘው 50 ዲናር ስለሆነ፣ ወሩን ሙሉ ከሠራ አናጢ ጋር ለመስተካከል 30 ልጆች መሰብሰብ ነበረበት፤ ያውም አናጢው የሚበላውን ሳንቆጥር ነው። የንግግር ጥበብ መምህር በአንድ ተማሪ 250፣ ጉዳዩን ተከራክሮ የጨረሰ ጠበቃ 1,000 ዲናር ይፈቀድላቸዋል። ከዝርዝሩ ጫፍ ላይ ለአደባባይ ትርኢት የሚቀርበው የአፍሪካ አንበሳ አለ፤ ዋጋው 150,000 ዲናር ነው። ሒሳቡን ሠርቼ አየሁት፤ ያ የእርሻ ሠራተኛ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ከ16 ዓመት በላይ ቢሠራ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። ዕድሜው ከ16 እስከ 40 የሆነ ወንድ ባሪያ ግን 30,000 ተተምኗል። አንድ አንበሳ አምስት ሰው ማለት ነው።

የንረቱ ምንጭ የነጋዴ ክፋት ብቻ እንዳልነበረ ሳንቲሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በአውግስጦስ ዘመን ዲናር ንጹሕ ለማለት የሚያስደፍር የብር ማዕድን ነበር፤ ከኔሮን ጀምሮ ግን ነገሥታቱ ወጪያቸውን፣ በተለይም የሠራዊቱን ቀለብና ደመወዝ ለመሸፈን መዳብ እየቀላቀሉ ሄዱ፤ በ270 አካባቢ በገበያ በሚዘዋወረው ሳንቲም ውስጥ የቀረው ብር ከመቶ አምስት እጅ በታች ነበር። ዲዮቅልጥያኖስ በ294 ገንዘቡን ለማደስ ሞክሯል። ይሁን እንጂ ሠራዊቱን አስፋፍቷል፤ ሥልጣኑንም እርሱን ጨምሮ ለአራት ገዥዎች በማካፈሉ የቤተ መንግሥቱ ወጪ በዝቷል። በዛሬዋ ቱርክ ባለችው ጥንታዊት ከተማ በአፍሮዲሲያስ የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 301 ጀምሮ መንግሥት የአንዳንድ ሳንቲሞችን ዋጋ በእጥፍ ከፍ አድርጓል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ዋጋ ጨመራችሁ ብሎ ነጋዴዎችን በሞት አስፈራራ። ይህን ቅደም ተከተል ሳስብ መቅድሙ ከቁጣ ይልቅ ማላከክ ሆኖ ይታየኛል።

ጣሪያው ለአገር ሁሉ አንድ መሆኑም ሌላ ጥፋት ነበር። አዋጁ ራሱ 1,200 ሊትራ (የሮም የክብደት መለኪያ) የጫነ ሠረገላ በአንድ ማይል 20 ዲናር እንደሚከፈለው እያወቀ፣ ዕቃ ከሩቅ አምጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ወጪውን የሚመልስበት መንገድ አልተወለትም።

የዚያ ዘመን ጸሐፊ ላክታንትዮስ በጥቂትና በርካሽ ነገር ብዙ ደም እንደ ፈሰሰ፣ ሸቀጥም በፍርሃት ከገበያ እንደ ጠፋና ሕጉ በግድ እንደ ተተወ ጽፏል። እርሱ ስደቱን ያየ ክርስቲያን በመሆኑ ለዲዮቅልጥያኖስ በጎ ቃል እንደማይኖረው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስለ ሸቀጡ መጥፋት የተናገረውን ለማመን አይከብደኝም። በኋላ ቆስጠንጢኖስ ከአንድ ሊትራ ወርቅ 72 የሚወጣ ጽኑ ሳንቲም አስቀርጾ ለዘመናት የሚታመን ገንዘብ ቢያገኝም፣ ወርቁ በይበልጥ የሚገኘው በባለሥልጣኑ፣ በወታደሩና በባለጸጋው እጅ ነበር፤ ያ በ25 ዲናር የሚያድር ሠራተኛ የሚቀበለው የመዳብ ሳንቲም ግን ዋጋው መውረዱን አላቆመም።