አባባን የት ላስቀምጣቸው?

ኤፕሪልን ሙሉ ማታ ማታ አንድ ካርታ ስመረምር ነው ያሳለፍኩት። ልጆቹ ይተኛሉ። እኔ ኮምፒውተሬን እከፍታለሁ። የቸርችል ዳውንስ የመቀመጫ ካርታ ነው። የምኖረው ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ነው። ከቤቴ እስከዚያ የፈረስ ውድድር ሜዳ በመኪና ሃያ ደቂቃ አይሞላም። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር ግን በደጁ አልፌ እንጂ ገብቼ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ አባባ መጡልኝ።

አባባ የእንጅባራ ሰው ናቸው። ፈረሰኛ ናቸው። ሰው "ፈረሰኛ ነበሩ" ካለ ወዲያው ያርማሉ። "ነበሩ የሚባለው ለሞተ ሰው ነው" ይላሉ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት አያቴ ጎልማሳ ነበሩ። የማኅበሩ ነገር ከዓድዋ ጋር የተያያዘ ነው። ከአርበኛው ጋር የዘመተውን፣ አብሮት የወደቀውን ፈረስ ለማሰብ ነው። በዓሉ በሚከበርበት ጥር 23 ቀን አባባ ዳማ ፈረሳቸውን አጥበው፣ ግላሱን አልብሰው ሲወጡ ትዝ ይለኛል። እኔን ከፊታቸው ኮርቻው ላይ ያስቀምጡኝ ነበር። የፈረስ ላብ በሸተተኝ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ጠዋት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ኬንታኪ ድረስ መጥቶ ፈረስ ሳያይ ቢመለስ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። ካርታው ላይ ያፈጠጥኩት ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ስታዲየም መግባት ምርጫ አልነበረውም። ጥላ ፎቅ አለ፣ ከማን አንሼ አለ፣ ካታንጋ አለ፣ ሚስማር ተራ አለ። የት እንደምትቀመጥ ኪስህ ይነግርሃል። ደግሞ የትም ብትቀመጥ ኳሱን ታየዋለህ። ቢርቅም ሜዳው ፊትህ ነው። ፈረስ እንደዚያ አይደለም። ያልፍሃል። ከፊትህ ያለፈችው ቅጽበት ያንተ ናት፣ የቀረውን ሌላው ሰው ነው የሚያየው። ቦታ መምረጥ ማለት የውድድሩን የትኛውን ክፍል ማየት እንደምትፈልግ መምረጥ ነው።

የቸርችል ዳውንስ መም አንድ ዙሩ 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ኬንታኪ ደርቢ የሚባለው ታላቁ ውድድር ደግሞ 2 ኪሎ ሜትር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1875 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይቋረጥ ተካሂዷል። አሁን በሜይ ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ነው የሚሆነው። የሦስት ዓመት ፈረሶች፣ ቢበዛ 20 ሆነው ይወዳደራሉ። ሴክሬታሪያት የሚባለው ፈረስ በ1973 በ1 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ጨረሰው። እስከ ዛሬ ያንን ሰዓት ያሻሻለ የለም። 150 ሺህ ያህል ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚጠብቀው ለዚህች ሁለት ደቂቃ ነው።

በጣም ውዱ ቦታ መጨረሻው መስመር ፊት ለፊት ያለው ነው። ማን በአፍንጫ እንደቀደመ የሚታየው እዚያ ነው። በ2024 ሦስት ፈረሶች እኩል የደረሱ መስለው፣ በፎቶ ተለይቶ ሚስቲክ ዳን አሸነፈ። ይህን በዓይን ማየት የሚያጓጓ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ዋጋውን አይቼ ገጹን ዘጋሁት። ለሁለት ሰው ወንበር የተጠየቀው ገንዘብ እንጅባራ ላይ ከአንድ በላይ ፈረስ ይገዛል።

ከመስመሩ በስተግራ፣ አራተኛው መታጠፊያ ጋ፣ ዋጋው ይቀንሳል። ፈረሶቹ ታጥፈው የመጨረሻውን 376 ሜትር የሚጀምሩት እዚያ ነው። ውድድሩ የሚወሰነውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በ2022 ሪች ስትራይክ ማንም ሳይጠብቀው ከኋላ መጥቶ፣ በፈረሶች መካከል እየሾለከ፣ በውስጠኛው አጥር በኩል አልፏቸው አሸነፈ። ያንን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የዚህ ቦታ ችግር ማን እንዳሸነፈ የምታውቀው ከጩኸቱ ነው።

መሀል ሜዳው ደግሞ አለ። በመሙ ሥር በተሠራ መተላለፊያ ተሻግረህ ነው የምትገባው። ርካሽ ነው፣ ወጣቱ የሚጨፍረው እዚያ ነው። ፈረስ ግን እምብዛም አይታይም። ወንበርም የለም። ለሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ የሚሆን አይደለም። ዝናቡም አለ። በደርቢ ቀን ጃንጥላ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በ2018 ሰዉ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብበት ነው የዋለው። ስለዚህ ጣሪያ ያለው ቦታ ፈለግሁ። ጣሪያ ያለው ከፍ ይላል። ከፍ ያለው ደግሞ ከፈረሱ ይርቃል።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ይዤ አባባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁሉንም አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ፈረሱን መንካት የሚቻለው ከየትኛው ነው?" አሉ። ከየትም እንደማይቻል ነገርኳቸው። "እንግዲያው ትንፋሹ ከሚሰማበት አድርገው" አሉ። ካርታው ላይ እንዲህ የሚል ምልክት የለም።

ደርቢውን ለዘንድሮ ተውነው። ቅዳሜ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን አየነው። ባለቤቴ ቡና አፈላች፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተኝተው ያያሉ። ውድድሩ እስኪጀመር ለአባባ ታሪኩን ነገርኳቸው። በመጀመሪያው ደርቢ፣ በ1875፣ ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ያሸነፈውም ኦሊቨር ሉዊስ የሚባል ጥቁር ጋላቢ ነው፣ አሪስታይዲስ በሚባል ፈረስ። አይዛክ መርፊ ደግሞ ሦስት ጊዜ አሸንፏል። በኋላ በዘር መድልዎ ከሙያው ገፏቸው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በደርቢው ጥቁር ጋላቢ ማየት ብርቅ ሆነ። አባባ ጽዋቸውን አስቀምጠው "የሁሉም ስም ተጽፏል?" ብለው ጠየቁኝ። የጋላቢዎቹን ስም ማለታቸው ነው። ተጽፏል አልኳቸው። "ደግ" አሉ።

ከዚያ ውድድሩ ተጀመረና አለቀ። ልጆቹ ጮሁ። ካሜራው አሸናፊው ላይ ሆነ፣ ጋላቢውን አናገሩት፣ ባለቤቶቹ ተቃቀፉ። አባባ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። "ሌሎቹስ?" አሉኝ። ሌሎቹ ማን? "ፈረሶቹ። ሌሎቹ ፈረሶች እንዴት ሆኑ?" ቴሌቪዥኑ አላሳየም። አባባ ለረጅም ጊዜ ጠበቁ። ማስታወቂያ ሲጀምር ተነስተው ወጡ።

ይህች ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። ምክንያቱም በ2008 የሆነውን አውቃለሁ። ኤይት ቤልስ የምትባል ፈረስ በደርቢው ሁለተኛ ወጣች። መስመሩን ካለፈች በኋላ፣ ፍጥነቷን እየቀነሰች ሳለ፣ ሁለቱም የፊት እግሮቿ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተሰበሩ። እዚያው መሙ ላይ እንድትሞት ተደረገ። ሰዉ አሸናፊውን እያየ ነበር። በ2023 የጸደይ ወራት ደግሞ 12 ፈረሶች እዚህ ሜዳ ሞተው፣ የቀሩት ውድድሮች ወደ ሌላ ሜዳ እስከ መዛወር ደርሰዋል። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ አንድ ወር ሙሉ መጨረሻው መስመር የት እንደሚታይ ስፈልግ ነበር። አባባ በአንድ ጥያቄ ከመስመሩ ወዲያ ያለውን አሳዩኝ።

በሜይ መጨረሻ፣ በአዘቦት ቀን ወሰድኳቸው። ከደርቢ ጋር ሲተያይ የመግቢያው ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰው ጥቂት ነው። ከሁለቱ ሹል ማማዎች ሥር እንደ ልባችን ተዘዋወርን። እነዚህ ማማዎች በ1895 የተሠሩ ናቸው፣ የሜዳው መለያ እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ፓዶክ ወደሚሉት ግቢ ሄድን። ከውድድሩ በፊት ፈረሶቹ እየተሳቡ የሚዞሩበት፣ የሚጫኑበት ቦታ ነው። አባባ ከአጥሩ አልተነሱም። ሁለት ውድድር እዚያው ቆመው አለፋቸው። ሰዉ በእጁ የያዘውን ወረቀት ያነባል፣ ይወራረዳል። አባባ እግር ያያሉ። ሰኮና ያያሉ። "ይቺ ቦራ ፊቷ ደስ ይላል፣ የኋላ እግሯን ግን አትወደውም" ይሉኛል። ኮርቻው ትንሽነቱ ገረማቸው። እርካቡ ከላይ መሆኑም ገረማቸው። እሳቸው በልጅነታቸው የእግራቸውን አውራ ጣት ብቻ እርካብ ውስጥ አስገብተው ነው የጋለቡት።

ከዚያ ወደ መሙ ወጣን። እኔ ወደ መስመሩ ስመራቸው እሳቸው ወደ ቀኝ ሄዱ። አልፈውት ሄዱ። የመጀመሪያው መታጠፊያ መጀመሪያ ጋ ሲደርሱ አጥሩን ያዙና ቆሙ። "እዚህ ይበርዳቸዋል" አሉ። ፈረሶቹ ሩጫቸው የሚበርድበት ማለታቸው ነው።

ውድድሩን ከዚያ ሆነን አየነው። በወዲያኛው በኩል ሲሮጡ በዓይን መለየት ይከብዳል። ለዚህ ነው በ2014 ከማዶ 52 ሜትር ስፋት ያለው ስክሪን የተከሉት። አባባ ስክሪኑን አላዩም። ከዚያ በግራ በኩል ድምፁ መጣ። ሰኮናው መሬቱን ሲመታ ከመስማትህ በፊት ደረትህ ላይ ይሰማሃል። መስመሩን አለፉ፣ ሰዉ ጮኸ፣ ጩኸቱ ቆመ። ፈረሶቹ ግን ወደኛ እየመጡ ነው። ሽምጥ የመጣው ወደ ደንገላሳ ወረደ፣ ደንገላሳው ወደ ሶምሶማ። ጋላቢዎቹ ቀስ ብለው ልጓሙን ሲሰበስቡ እናያለን። ያኔ ትንፋሹን ሰማሁት። ከባድ፣ ተከታታይ፣ እንደ ወናፍ። የጋላቢዎቹንም ንግግር ሰማን። አንዱ የፈረሱን አንገት መታ መታ ያደርጋል።

አባባ በጣታቸው ይቆጥራሉ። "ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ።" ዘጠኙም በእግራቸው ሲመለሱ "ተመስገን" አሉና ኮፍያቸውን አወለቁ። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቁኝም። እኔም አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ውድድሮች ሁሉ ከዚያው ቦታ አየን። አንድ ነገር ደግሞ በኋላ ገባኝ። በደርቢ ቀን ፈረሶቹ ከበረታቸው ወደ ፓዶክ የሚመጡት በዚሁ መታጠፊያ በኩል ነው፣ በእግራቸው፣ ከሚንከባከቧቸው ሰዎች ጋር። ውድድሩ ሲጀመርም በፊት ለፊቱ አልፈው የሚታጠፉት እዚሁ ነው። ከዚህ ሆኖ የማይታየው የአሸናፊው አፍንጫ ብቻ ነው።

ማታ ካርታውን እንደገና ከፈትኩት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ጋ ያሉትን ረድፎች አጎላሁ፣ ከታች ያሉትን፣ ለአጥሩ የሚቀርቡትን። ጣሪያ የላቸውም። ለአባባ የዝናብ ካፖርት እገዛለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ሽያጭ ሲከፈት ሁለት ወንበር እዚህ ጋ እይዛለሁ አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ። ታናሹ ልጄ ከእንቅልፉ ነቅቶ መጥቶ ጭናቸው ላይ ወጥቷል።

"ሦስት አድርገው" አሉ። "ይሄን ከፊቴ ነው የማስቀምጠው።"