ቸኮሌት ከተማ በፍልሰታ

በእኛ አቆጣጠር በ2016 ክረምት ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ልጆቿን ዲዝኒ ወስዳ መጣችና ፎቶውን አሳየችኝ። ልቤ ተነሣ። ያን ጊዜ ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛዋ አራት፤ ትንሹ ዓመት ከመንፈቅ። እናቴም ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ እኛው ጋር ናት። «አሁን ካልሄድን መቼ ልንሄድ ነው?» እያልኩ ባለቤቴን ጨቀጨቅኩት። እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ስልኩን አወጣና ሒሳብ ጀመረ።

ሒሳቡ አላማረም። ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ዎርልድ አንድ መናፈሻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አራት ትልልቅ ፓርኮች ናቸው፤ ጠቅላላ ግቢው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በነፃ ይገባል፤ እሰይ። ለቀረነው ግን ቲኬት አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ ሆቴል አለ፣ ምግብ አለ። ባለቤቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋውና «በዚህ ብር ደብረ ብርሃን ሁለት ክፍል ሰርቪስ ይሠራበታል» አለ። እናቴ ሰማች። ከዚያ በኋላ በቤታችን የዲዝኒ ስም አልተነሣም።

ሄርሺፓርክ የሚባለውን መዝናኛ ፓርክ ሐሳብ ያመጣው ወንድሜ ነው። እኛ ያለነው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዚህ ተነሥተው ባልቲሞርን ዞረው በ83 ቁጥር መንገድ ሽቅብ ወደ ፔንሲልቬኒያ ሲነዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ይቻላል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች ያለ ሕፃን አይከፍልም፤ ለአረጋውያንም ቅናሽ አለ። ባለቤቴ ስልኩን አልደፋም።

ሰው ዕቅድ ሲባል ቲኬት መግዛት ይመስለዋል። የእኛ ቤት ዕቅድ የሚጀምረው ከኦፍ፣ ከዕረፍት ቀን ነው። እኔ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ስለሚነዳ አለቃ የለበትም፤ ያልነዳበት ቀን ግን ባዶ ነው። ወንድሜ ፓርኪንግ ይሠራል፤ ሚስቱ ሆቴል። የሁላችን ኦፍ የገጠመው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ማክሰኞ፣ ኦገስት 13። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ቅዳሜና እሁድ ስላልሆነ ወረፋውም ይቀላል ብለን ደስ አለን። እናቴ «በእኛ ስንት ነው?» አለች። ቆጠርኩ። ነሐሴ 7።

«በፍልሰታ?» አለች። «ለዚያውም በጽንሰታዋ ቀን?»

ሄርሺ እኮ የቸኮሌት ከተማ ነው። ዋናው መንገድ ስሙ ቸኮሌት አቬኑ ነው። የመንገድ መብራቶቹ እንኳ በቸኮሌት ቅርጽ ነው የተሠሩት፤ አንዱ ከነብርማ መጠቅለያው፣ አንዱ የተላጠ። ትልቁ ልጄ ደግሞ በዚያ ዓመት ከአያቱ ጋር ፍልሰታን እጾማለሁ ብሎ ይዟል። አገር ቤት ፍልሰታ የልጆች ጾም መሆኑን እሷ ነግራው ነው። ሌሊት ተነሥተው ሊቆርቡ ስለሚሄዱ ሕፃናት ስታወራለት ልጁ አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማት። ወተት ከተወ ሳምንት ሊሞላው ነው። እኔ ወስጄ ቸኮሌት መካከል ላቆመው!

እናቴ ጥቂት አሰበች። «ግድ የለም፣ እንሂድ። ስንቁን እኔ እይዛለሁ» አለች።

የእኔ ትልቁ ስሕተት ጾሙ አልነበረም፤ ቁመት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጁን ዩቲዩብ ላይ ሮለር ኮስተር ሳሳየው ከረምኩ። አንዱን መረጠ። ትራኩን በእጁ በአየር ላይ እየሣለ ነበር የሚተኛው። ለመሳፈር ስንት ኢንች እንደሚጠየቅ ያነበብኩት ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። 48 ኢንች ይላል። ልጁን በር ላይ አስደግፌ ለካሁት። ትንሽ ጎደለ። እንደገና ለካሁት። ያው ነው። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ፀጉር ቤት ቀጠሮውን ሰረዝኩት። አፍሮው እንዳለ ይሂድ አልኩ። ጠዋት ደግሞ በማበጠሪያ ወደ ላይ አበጥሬ አቆምኩለት።

ሄርሺፓርክ ልጆችን የሚመድበው በከረሜላ ስም ነው። ከ36 ኢንች በታች የሆነ ሚኒያቸርስ ይባላል። ከ36 ጀምሮ ኪስስ፣ ከ42 ጀምሮ ሪሲስ፣ ከ48 ጀምሮ ሄርሺስ፣ ከ54 ጀምሮ ትዊዝለርስ፣ 60 ያለፈ ጆሊ ራንቸር። ይለኩና የምድባቸው ቀለም ያለው ወረቀት እጃቸው ላይ ይታሰርላቸዋል። ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። የማዕረግ ያህል ነው።

የምትለካው ልጅ እግር ወጣት ናት፤ ፈገግተኛ። የወንድሜ ልጅ ቀደመ። ከእኔ ልጅ በሁለት ወር ያንሳል። አለፈ፤ ሄርሺስ ሆነ። የእኔው ቀጠለ። ደረቱን ነፋ፤ አንገቱን ሰገግ አደረገ። ልጅቷ መለኪያውን ዝቅ ስታደርግ ያ ሁሉ ፀጉር ጸጥ ብሎ ተኛ። በእጇም ቀስ ብላ ጫን አለችው። የጣት ስፋት ጎደለው። ሪሲስ። ልጄ አላለቀሰም። እጁን ዘርግቶ ወረቀቱ ሲታሰርለት እኔን አየኝ። ዩቲዩቡን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ነገሩ ገብቷት መጣችና ራሷ መለኪያው ሥር ቆመች። ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። 60 አልሞላችም። «እማማ ትዊዝለር ናት!» ብለው ልጆቹ ተንከተከቱ። «እናትህም ያው ናት» አለችው ልጄን፣ «እስከ ዛሬ አልረዘመችም፤ ትኖራለች።» አመሰግናለሁ፣ እማዬ።

ስለዚህ ምክር ከተባለ ይቺን ውሰዱ። ልጆቹን ቤት ለኩ፤ የሚሳፈሩበትን ብቻ አሳዩአቸው። ሌላው ሁሉ ይስተካከላል። በብዙዎቹ ትልልቅ ፓርኮች አንደኛው ወላጅ ሲሳፈር ሌላው ሕፃኑን ይዞ ይጠብቅና ወረፋውን እንደ አዲስ ሳይሰለፍ ይተካዋል። በር ላይ ጠይቁ። ሌላም አለ። እዚህ ፓርክ ቲኬት የያዘ ሰው ከዋናው ቀን በፊት ባለው ምሽት፣ ሊዘጋ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው መግባት ይችላል። ይህን ያወቅኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። እኛ የምሽቱን ትተን ከጠዋቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አባክነናል። ጠዋት በአንድ ሰዓት እንነሣ ተባብለን ሦስት ተኩል ነው የወጣነው። ወንድሜ በረዶ ረስቶ ተመለሰ፤ በረዶው ሲመጣ ኩለሩ ተረሳ።

ስትሮለር፣ የሕፃን ጋሪ፣ አንድ ብቻ ነበር የያዝነው። አራት ዓመቷ ልጅ ስትሮለር ከተወች ዓመት ሆኗታል፤ ምን ያደርግላታል ብለን ነው። ከቀትር በፊት አስፋልቱ ላይ ዘርፈጥ አለች። እግሬ ሞተ አለች። በትንሹ ቦታ አስገባናት። እናቴ ትንሹን በነጠላዋ አዘለችው። ለሌሊት ሺፍቴ እንኳ የማይራራ፣ አልተኛም ባይ ልጅ፣ ያ ሁሉ ሙዚቃና ጩኸት እየጮኸ በጀርባዋ ላይ አንድ ሰዓት ተኛ። ፊት ለፊታችን አንዲት ፈረንጅ እናት የሚወራጭ ሕፃን ስትሮለር ውስጥ ልታስር ትታገላለች። እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት። በልቧ ያለችውን እግዜር ይወቀው፤ የቅናት መሰለኝ።

ከሁሉ የወደድነው ትልቁን ነገር አልነበረም። ካሩሰሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የተሠራ ነው፤ 66 የእንጨት ፈረሶች አሉት። እዚያ ሄርሺስም ሪሲስም የለም። የወንድሜና የእኔ ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቴ ፈረሱን ከመሳፈሯ በፊት አንገቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረገች፤ ጥርሱን አየች። የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ፈረስ ታውቃለች። «ይሄ እንኳ ቀለብ አይፈጅም» አለችና ወጣች። ከነነጠላዋ ሦስት ጊዜ ተሳፈረች። ልጆቹ እንውረድ ሲሉ እሷ ናት አንድ ጊዜ ያለችው።

ከፓርኩ ጋር የተያያዘ የእንስሳት ማቆያም አለ፤ በዚያው ቲኬት ነው። የሰሜን አሜሪካ እንስሳት ብቻ ናቸው ያሉት። ድቡን አሳየናት። «አንበሳስ?» አለች። የለም አልናት። «ስድስት ኪሎ ይሻላል» ብላ ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወጥተን መኪናው ጋ ሄድን። እናቴ እስከ ዘጠኝ ነው የምትጾመው። የመኪናውን ኋላ ከፍታ ሱፍ ፍትፍት አወጣች፤ ቀዝቃዛ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ሱፍ ትዝ አይለኝም። ጎመን፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቡና በፔርሙስ። ፓርኩ ውስጥ ለዚህ ሁሉ ሰው ምሳ ብንገዛ የሚወጣውን ባለቤቴ ሊያሰላ ሲል ስልኩን ቀማሁት። ተመልሰን ገብተን ውኃ መጫወቻው ጋ ሄድን። ለትንሹ የዋና ዳይፐር ያስፈልጋል፤ አልያዝንም። እሱና እኔ ዳር ተቀምጠን አየን።

ስንወጣ ቸኮሌት ወርልድ ገባን። ከፓርኩ አጠገብ ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። ልጆቹ ሳይደክማቸው ቢጀመርበት ይሻል ነበር። ወንድሜ ስለ ቸኮሌት ፋብሪካው መሥራች ለእናቴ እየነገራት ነበር። ሚልተን ሄርሺ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1906 የከፈተው ለፋብሪካው ሠራተኞች መዝናኛ ብሎ ነው፤ እኛ ምኒልክ ላይ ነበርን። እሱና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። እ.ኤ.አ. በ1909 ወላጅ ላጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በኋላም አብዛኛውን ሀብቱን ለዚያ ሰጠ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። እናቴ ያን ሁሉ ቸኮሌት ቆማ ዙሪያውን አየች። «ነፍሱን ይማር» አለች።

ልጄ ግን አንዱን መደርደሪያ ይዞ ቆሟል። አንድ እያነሣ ያመጣልኛል፤ እኔ ጀርባውን አነባለሁ። ወተት። ወተት። ጥቁሩንም ሰጠኝ፤ እሱም የወተት ቅባት አለው። በመጨረሻ ቀይ ትዊዝለር ይዞ መጣ። ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት፣ ወተት የለም። «የእማማ ነው!» ብሎ ሮጠ። ቸኮሌት ከተማ ድረስ ሄደን የበላው ቀይ ገመድ ነው። አንድ ቸኮሌት ግን ገዛችለት አያቱ። «ለፍስክ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስንደርስ ቀልጧል። እናቴ በፎይል ጠቅልላ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠችው። ልጄ በእርሳስ «ነሐሴ 16» ብሎ ጻፈበት። በዚያው እርሳስ የመኝታ ቤቱ በር ላይ 48 ኢንች የሚሆነውን ቦታ አሰመረ። ቤቱ ኪራይ ነው፤ ግድግዳ ላይ አትጻፉ የምለው እኔ ነኝ። አይቼ ዝም አልኩ። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ይቆምበታል።

ነሐሴ 16 ከቅዳሴ መልስ ፎይሉን ፈታችለት። የእኛ ፍሪዘር ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ዘጠኝ ቀን ከበርበሬና ከሚጥሚጣ ጋር ነው ያደረው። አንድ ቁራሽ አፉ ውስጥ ከተተ። አላመጠ። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አያቱን አየና «እማማ፣ ያቃጥላል» አለ። ቀጥሎም ሁለተኛውን ቁራሽ አነሣ።