ታግ የሌለው ጆንያ

ሜሪላንድ ውስጥ ሌናርድታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ደቡብ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ የኦይስተር ፌስቲቫል ይደረግባታል። የአሜሪካ የኦይስተር ፍልቀቃ ውድድርም የሚካሄደው እዚያው ነው። እኔ የሄድኩት ለሥራ ነው። የምግብ አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ ነበር።

ለማያውቀው ሰው፣ ኦይስተር ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው። ውጩን ሲያዩት ከድንጋይ አይለይም። ብዙዎች በሕይወት እንዳለ ፈልቅቀው፣ ሎሚ ጠብ አድርገውበት ጥሬውን ይውጡታል። እኔ በሃይማኖቴ ምክንያት አልቀምሰውም። ሙያውን ግን አከብረዋለሁ።

የእኔ ድርሻ በረዶ ማቅረብና ጆንያ መፍታት ነበር። የሚፈለቅቁት አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ጀልባ ዳር ቆመው፣ በረጅም መቆንጠጫ ከውኃው ሥር ኦይስተር እየለቀሙ ነው ቤተሰብ ያስተዳደሩት። እጃቸው ሲሠራ ዓይን ይይዛል። ቢላዋውን ከዛጎሉ መጋጠሚያ ያስገባሉ፣ ትንሽ ጠምዘዝ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ሥጋውን ሳይቆርጡ፣ ውኃውን ሳያፈሱ ይከፍቱታል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ኦይስተር አለቀብን። ሰልፉ ረዝሟል። ኃላፊያችን ወጣ ብሎ ከአንድ ፒክአፕ መኪና ላይ ጆንያዎች ገዝቶ መጣ። ሴትየዋ አንዱን ጆንያ አገላብጠው አዩት።

«ታጉ የታለ?»

«ወድቆ ይሆናል። ትኩስ ነው፣ ዛሬ ነው የወጣው። ሰው እየጠበቀን ነው፣ ይክፈቱልኝ።»

ቢላዋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይሄን አልከፍትም» አሉ።

ኃላፊው ተቆጣ። እሳቸው ድምፃቸውን አልጨመሩም። ወደ እኔ ዞረው ግን ሁሉንም አስረዱኝ። ጆንያው ላይ በሚታሰረው ወረቀት፣ በታጉ ላይ፣ ኦይስተሩን ማን እንዳወጣው፣ መቼና ከየትኛው ውኃ እንደወጣ ይጻፋል። ለመኪና ሰሌዳ እንደማለት ነው። ጆንያው ባዶ እስኪሆን አይነሳም፤ ከዚያም በኋላ ሻጩ 90 ቀን ማስቀመጥ አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ሊያጣራ ይችላል። ውኃው ውስጥ ያለው ጀርም ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ የሚበላው ደግሞ ጥሬውን ነው። ሰው ቢታመም ወደ ውኃው መመለሻው መንገድ ያቺ ወረቀት ብቻ ናት።

ቀጥለው የተናገሩት ግን ከሕጉም በላይ ነካኝ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ኤምኤስኤክስ የሚባል በሽታ፣ ደርሞ ከሚባል ሌላ የኦይስተር በሽታ ጋር ተደርቦ የባሕረ ሰላጤውን ኦይስተር ፈጅቶታል። ሰውን አይጎዳም፤ ኦይስተሩን ግን ይገድላል። ብዙ ቤተሰብ ጀልባውን ሸጦ ሌላ ሥራ ገባ። «የቀረነው ጥቂት ነን» አሉኝ። «አንድ ሰው ሌናርድታውን በልቶ ታመመ ከተባለ፣ ያ የፒክአፕ ሰውዬ ምንም አይሆንም። ገበያ የሚያጡት የእኔ ጎረቤቶች ናቸው።»

ኃላፊው ይሄን ሲሰማ ዝም አለ። በእኔ አመለካከት ጥፋቱ ክፋት አልነበረም፤ የሰልፉ ርዝመት ነው ያስጨነቀው። ግን ሥራ ቦታ ላይ አብዛኛው አደጋ የሚመጣው እንዲህ ባለ ጥድፊያ ነው። ከእኛ ሁለት ድንኳን አልፎ ራሳቸው ያመረቱትን የሚሸጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ሴትየዋ ሄደው ለመኗቸው። ታግ ያለው ጆንያ ሰጡን፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነበር፣ ከፈልን። ሰልፉ ላይ ከቆሙት አንዳንዶቹ ሄዱ። የቀሩት ምን እንደተፈጠረ ሲሰሙ ሴትየዋን አመሰገኑ።

የፒክአፑ ጆንያዎች ተጣሉ። የተበላው ኦይስተር ዛጎል ግን አይጣልም። ለብቻው ተሰብስቦ ተመልሶ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ጫጩቶቹ ተጣብቀው የሚያድጉት አሮጌ ዛጎል ላይ ነውና። ማታ በርሜሎቹን ያስጫንኩት እኔ ነኝ።

አሁን የምሠራው ሬስቶራንት ውስጥ ነው። ጆንያ ሲገባ መጀመሪያ ታጉን አያለሁ፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜውን፣ ከዚያ አፋቸውን የከፈቱትን ነካ ነካ አደርጋለሁ፤ ያልዘጋ ሞቷል፣ ይወጣል። አዲስ ልጅ ሲቀጠርም የሳጥኑን ቁልፍ ከመስጠቴ በፊት የታጎቹን ፋይል አሳየዋለሁ። ባለፈው አንዱ ልጅ ታግ የሌለው ጆንያ ከነሹፌሩ መልሶ ላከ። ማኔጀሩ ጠርቶ ሲጠይቀው «ማን እንዳወጣው አላውቅም» አለው።