አንደኛ ምርጫ ብዬ የሞላሁት

ልጄ የግራመር ስኩል ፈተና አልፏል። የሚማረው ግን ሰፈራችን ባለው ኮምፕሪሄንሲቭ ነው። መሀል ገብቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለንደን ውስጥ ይር 4 ወይም ይር 5 (የአንደኛ ደረጃ አራተኛ ወይም አምስተኛ ዓመት) ልጅ ካላችሁ አንብቡት፤ ያኔ እኔን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈትኖ አይመርጥም፤ ጎበዙንም ደከም ያለውንም አንድ ላይ ያስተምራል። ኮምፕሪሄንሲቭ የሚሉት ይኼን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 መንግሥት ካውንስሎቹን (የየአካባቢውን አስተዳደር) ወደዚህ አሠራር ዙሩ አላቸው፤ ብዙዎቹ ዞሩ፣ ጥቂቶቹ እምቢ አሉ። ከዚያ የተረፉት 163 ግራመር ስኩሎች ናቸው፤ ልጁን በ11 ዓመቱ ፈትነው ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ ሕግ ወዲህ አዲስ መክፈት ስለተከለከለ፣ ላሉት ቦታዎች ወላጁ ከሩቅ ሰፈር ሁሉ ይጎርፋል።

እኔ ደሴ ነው የተማርኩት። በአንድ ክፍል 70 ነበርን፣ አንደኛ የወጣ ልጅ ሰልፍ ላይ ይጨበጨብለታል። ልጄን «ስንተኛ ወጣህ?» ስለው «እኛ ጋ እንደዚህ የለም አባዬ» አለኝ። የግራመር ነገር ያን ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

ምዝገባው ቀላል ነው። ይር 5 ሳያልቅ በኦንላይን ትሞላላችሁ፣ ፈተናው ሴፕቴምበር ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ዝግጅት አያስፈልግም ይላል። አትስሙ። ፈተናው ላይ ያሉት የተገለባበጡ ቅርጾች የልጄ ክፍል ውስጥ ተነስተው አያውቁም፣ ሰዓቱም አይበቃም። አስጠኚ ግን አያስፈልግም። በሰዓት 40 ፓውንድ ለሁለት ወር ከፍዬ የተረፈኝ ንዴት ነው። ከዚያ የመለማመጃ መጽሐፍ ገዛሁ፣ የወጥ ቤቱን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አብረን ሠራን። አለፈ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ።

ፈተና ማለፍ ማመልከት አይደለም። ማመልከቻው የካውንስሉ ቅጽ ነው፤ እስከ ኦክቶበር 31 ድረስ፣ ለንደን ውስጥ እስከ ስድስት ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ትሞላላችሁ። ይኼንን አውቄ ነበር። ያላወቅኩት ቅደም ተከተሉ ምን እንደሚሠራ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን አንድ ጋሼ፣ ሦስት ልጅ ያስተማሩ፣ «ስማኝ ልጄ፣ ግራመሩን አንደኛ ካደረግከውና ካልደረሰው ሰፈርህ ያለውንም ታጣለህ። መጀመሪያ የማያሳጣህን ሙላ» አሉኝ። ልክ መሰለኝ። እኛ ሀገር የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስንሞላም እንደዚሁ ነበር የምናሰላው፤ የማይደርስህን አንደኛ ካልክ የሚደርስህም ያመልጥሃል። ስለዚህ የሰፈሩን ኮምፕሪሄንሲቭ አንደኛ፣ ግራመሩን ሁለተኛ አደረግኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ማርች 1 ማታ ኢሜይል መጣ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት።

በማግስቱ ካውንስል ደወልኩ። ሙዚቃ 35 ደቂቃ አዳመጥኩ። ያነሳችው ሴት ስክሪኗን አይታ፣ «ሁለቱም ጋ ቦታ ነበረው። ሲስተሙ ከደረሱት ውስጥ እርስዎ በላይ ያስቀመጡትን ይሰጥና የታችኛውን ይሰርዛል» አለችኝ። እንዴት? ትምህርት ቤቶቹ ስንተኛ አድርጌ እንደሞላኋቸው አያዩም ለካ! እያንዳንዱ በራሱ መስፈርት ይመዝናል፤ ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልገው ከአንድ በላይ ከደረሰ ብቻ ነው። ግራመሩን አንደኛ ባደርገውና ባይደርሰው ኖሮ የሰፈሩ ቦታ እዚያው ይጠብቀው ነበር። «መመሪያው ላይ ተጽፏል» አለች። ተጽፏል። ሄጄ አየሁት፣ መሀል ላይ ሁለት መስመር ነው። የሌሊት ሽፍት ለሚሠራ ሰው ያንን ሁለት መስመር በቀይ ቢጽፉት ምን ይጎድላቸው ነበር? እኔስ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ብደውል ምን ነበረበት?

ይግባኝ አልኩ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አንዲት ጸሐፊ፣ ውሃ በጆግ። የልጄን ውጤት፣ የአስተማሪዋን ደብዳቤ ይዤ ገባሁ። በትሕትና አዳመጡኝ። አንዱ ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ «ቅጹን የሞላው ማነው?» ሲለኝ እንዳለቀልኝ ገባኝ። ካውንስሉ አልተሳሳተም፣ ትምህርት ቤቱም ሞልቷል። በሳምንቱ የእምቢታ ደብዳቤው መጣ። ደግነቱ ይግባኙ እስኪያልቅ የተሰጠንን ቦታ ተቀብዬ ነበር። እናንተም ተናዳችሁ እንዳትመልሱት።

ይር 7 ከባድ ነበር። አንድ ማታ የሒሳብ ደብተሩን ስገልጥ ዐሥሩንም ጥያቄ ጨርሶ፣ ከሥር 9፡20፣ 9፡24፣ 9፡31 እያለ ጽፏል። «ምንድነው ይሄ?» አልኩት። «ሌሎቹን ስጠብቅ» አለኝ። ሌሊቱን ስሠራ ያ ቁጥር ከዓይኔ አልጠፋም።

እኛ አስተማሪን መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ሁለቴ እየፈራሁ ጻፍኩ፤ ሁለቴም «ልጅዎ ከሚጠበቀው በላይ ነው» ብለው ሸኙኝ። ከማን በላይ? ሦስተኛው ላይ ሌላውን ሁሉ ትቼ «ቶሎ ሲጨርስ ምን ይሰጠዋል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። መልስ ለማግኘት አሥር ቀን ፈጀባቸው። ከዚያ የሒሳብ አስተማሪው ራሱ ደወለልኝ። ከሁለት ልጆች ጋር ምሳ ሰዓት ላይ ከበድ ያለ ጥያቄ ይሰጣቸው ጀመር። ይር 8 ላይ ክፍሉን በችሎታ ከፋፈሉት፣ ልጄም የላይኛው ቡድን ውስጥ ገባ። ያንኑ ዓመት በአገር አቀፉ የጁኒየር ሒሳብ ውድድር፣ 25 ጥያቄ በአንድ ሰዓት፣ የወርቅ ሰርተፍኬት አመጣ። ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ እሱ ያፍርበታል።

ታዲያ ግራመሩ ይሻለው ነበር? አዎ፣ ይመስለኛል። እዚያ የምሳ ሰዓቱን ጥያቄ ለማግኘት አባት መለመን የለበትም። ኮምፕሪሄንሲቭ ለጎበዝ ልጅ ይሆናል፣ ግን የሚጨቀጭቅ ወላጅ ይፈልጋል። እንግሊዝኛው የማያወላዳው፣ ኢሜይል መጻፍ የሚከብደው ወላጅ ልጅስ? የእኔን ልጅ አጠገብ የተቀመጠ፣ ቶሎ ጨርሶ ሰዓት የሚጽፍ ሌላ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። ልጄ ነው የነገረኝ።

አሁን ይር 11 ነው። በ16 ዓመት ለሲክስዝ ፎርም፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ በፊት ላሉት ሁለት ዓመታት፣ ፈትነው የሚወስዱ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ማመልከቻው በቀጥታ ለየትምህርት ቤቱ ነው የሚላከው። ባለፈው ሳምንት «ቅጹን አምጣ፣ ልየው» አልኩት።

«ልኬዋለሁ» አለኝ። «ደግሞ እዚህኛው ላይ ቅደም ተከተል የለም፣ አትጨነቅ።»