ከፋሲካ ወደ ኋላ መቁጠር፦ ደብረ ብርሃን ላይ አራት ላም የማረባበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ላይ ወተት የሚሸጥ ሰው ሁሉ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ገዢ እንደሚጠፋ ያውቃል። ያው ጊዜ ደግሞ ግጦሹ የሚላጭበት፣ ድርቆሽ የሚወደድበት ነው። ላሟ ወተቷ ሞልቶ ሳለ ጾም ከገባባችሁ ውድ መኖ እያበላችሁ የማይሸጥ ወተት ታልባላችሁ። እኔ ያሉኝ አራት ድቅል ላሞች ናቸው። በረቴ ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያየሁት የተሻለ ዝርያ ስገዛ ሳይሆን፣ የሚወልዱበትን ወር ከፋሲካ ወደ ኋላ መቁጠር ስጀምር ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የላም እርግዝና 280 ቀን ገደማ ነው። ሐምሌ 1 የተዳቀለች ላም ጳጉሜን ጨምሮ ሲቆጠር ሚያዝያ 6 አካባቢ ትወልዳለች። ከመውለዷ 60 ቀን በፊት ማለብ ስለሚቆም፣ የካቲት 6 ገደማ ትደርቃለች ማለት ነው። ጾሙ ቀደም ሲል የካቲት 1፣ ሲዘገይ መጋቢት 5 ይገባል፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ይውላል። ስለዚህ ዓመቱ ቢወጣም ቢወርድም አብዛኛውን ጾም ላሟ ሳትታለብ ታሳልፈዋለች። ወተቷ ከፍ የሚለው ከወለደች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ያ ደግሞ ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲገባና ሣሩ ሲለመልም ነው። ፍልሰታ መካከል ላይ ይገባል፤ ግን 15 ቀን ብቻ ነው፣ ሣርም ሞልቶ ስለሚጠብቅ ብዙ አይጎዳም።

ይህን የሚያፈርሰው ድራት፣ ማለትም ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ሳይታይ ማለፉ ነው። ላሟ ወልዳ እንደገና እስክትዳቀል ያላት ጊዜ ከሚያዝያ 6 እስከ ሐምሌ 1፣ 85 ቀን ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ስለሆነ፣ አንድ ድራት ያመለጠው ሰው ሦስት ሳምንት ይከስራል። ሦስት ጊዜ ካመለጠው ላሟ የምትወልደው ሰኔ ነው፤ የሚቀጥለው ጾም ሲገባም ገና ወተት ላይ ናት።

ችግሩ ያለው ላሞቹ ታስረው መዋላቸው ላይ ነው። የታሰረች ላም ሌላዋ ላይ መውጣት አትችልም፣ ስትወጣባትም ቆማ መቀበሏን ማየት አይቻልም፤ እርግጠኛው ምልክት ግን ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከመታለባቸው በፊትና ማታ ከታለቡ በኋላ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ግቢ ውስጥ ፈትቼ እለቃቸዋለሁ፣ በዚያን ጊዜ ሌላ ሥራ አልሠራም። የመኖ ገንዳው ላይ ምንም መኖ አይኖርም፤ እየበላች ያለች ላም ድራቷን አታሳይም። እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ፣ ሲሳብ የማይበጠስ ፈሳሽ ከብልቷ ይንጠለጠላል፤ ሲደርቅ የጭራዋን ፀጉር አጣብቆ የሚያብለጨልጭ ንጣፍ ያስቀራል። ሐምሌ ላይ ግን ጭራው ጭቃ ይሆንና ይህ ምልክት ይጠፋል። ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ የጭራውን ጫፍ ፀጉር እቆርጣለሁ፣ በየጠዋቱም አጥበዋለሁ። ግቢው ካዳለጠም ላሞቹ እርስ በርስ መወጣጣት ያቆማሉ። ጭቃው ላይ የተሰበረ ድንጋይና አሸዋ ማፍሰስ ለእግራቸው ብቻ ሳይሆን ለመዳቀላቸውም ነው።

ጠዋት የታየች ላም ከሰዓት በኋላ ትዳቀላለች፣ ማታ የታየች በነጋታው ጠዋት። ብልቷ ላይ ደም ካያችሁ ጊዜው ከሁለት ቀን በፊት አልፏል፤ አዳቃይ መጥራት ከንቱ ነው፣ ይልቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ 19 ቀን ቆጥሩና ጠብቁ። አዳቃይ ባለሙያው በበዓልና በእሑድ ላይገኝ እንደሚችል አስባችሁ የሁለት ባለሙያ ስልክ ያዙ። ሲመጣም አባላዘሩን (የኮርማውን ዘር) ከሚቀዘቅዝበት ናይትሮጅን አውጥቶ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማቅለጡን እዩ፤ የእኛ ብርድ ላይ በእጅ አሽቶ ማቅለጥ አይበቃም። የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ቀላቅሎ፣ ቴርሞሜትር አጠገቡ አስቀምጦ መጠበቅ የባለቤቱ ሥራ ነው። ቀኑን በበረቱ በር ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ፣ ከሥሩም የ21ኛውን ቀን። በ21ኛው ቀን ኮርማ ካልፈለገች መያዟን አልደመድምም፤ በሦስተኛው ወር በእጅ አስመረምራለሁ።

ጊደር መግዛትም በዚሁ ቁጥር ውስጥ ይገባል። የምፈልገው ሐምሌ ላይ ተዳቅላ ኅዳር ላይ አራት ወር ተኩል የሆናትን ነው። ከሰባት ወር በላይ የከበደችን በመኪና ማጓጓዝ ማስወረድ ነው፣ ሦስት ወር ያልሞላትን መግዛት ደግሞ መያዟን ሳያረጋግጡ መግዛት ነው። ወደ ሆለታ በኩል የምሄደው ድቅል ጊደር በብዛት ስለሚገኝ ነው። ጥርሷን ከፍቼ አያለሁ፤ ሁለት ቋሚ ጥርስ ያበቀለች ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗታል። አራቱንም ጡት አንድ በአንድ እዳብሳለሁ፤ ትርፍ ጡት ወይም የደነደነ ግት ካለ ዋጋ ቢቀነስም አልገዛም። የቲቢ የቆዳ ምርመራ ሳይደረግ ገንዘብ አልሰጥም። ውጤቱ የሚነበበው ከ72 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ጉዞው ሁለት ጊዜ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ግን ቲቢ ያለባት አንዲት ጊደር በረቱን ሁሉ፣ ጥሬ ወተት የሚጠጡትንም ልጆች ትበክላለች። ለብሩሴሎሲስም፣ ላም ለሚያስወርደው በሽታ፣ ደም ይወሰዳል። የጤና ወረቀቱንና የመንቀሳቀሻ ፈቃዱን ከወረዳው ይዞ መውጣት ኬላ ላይ ከመቆም ያድናል።

መንገዱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአይሱዙ ስትጭኑ የካሶኒው ብረት ሽንትና እበት ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ከአንድ ስንዝር የማያንስ አሸዋ አፍስሼ ላዩ ላይ ጭድ እበትናለሁ። መጫኛ ከሌለ መኪናውን ኋላውን ወደ አፈር ጉብታ አስጠግቶ ካሶኒውን ከመሬቱ እኩል ማድረግ ነው፤ እንድትዘል መግፋት እግር መስበር ነው። መውረጃውም ጉብታ ስለሚያስፈልገው በብርሃን ለመድረስ አስቡ። ገመዱ አንገት ላይ የሚጠብቅ ሸምቀቆ አይሁን፤ በአፍንጫዋና በጆሮዋ ጀርባ የሚያልፍ ልጓም ሠርቼ ከስፖንዳው ጋር አስራታለሁ፣ እርዝመቱም ጭንቅላቷን እስከ ደረቷ ዝቅ የምታደርግበት ያህል ብቻ። ከረዘመ እግሯን ታሳልፍበታለች። ጠዋት ድርቆሽና ውኃ ትወስዳለች፣ ፉርሽካ አይሰጣትም። ለገጣፎን ካለፍን በኋላ ቆመን ገመዱን እናያለን፣ አለልቱ ላይ እንደገና። ከሸኖ እስከ ጫጫ ያለው ሜዳ ንፋሱ ይቆርጣል፤ የፊቱን ስፖንዳ በሸራ መጋረድ ያስፈልጋል።

ስትመጣ ከሻጩ የሁለት ሳምንት ድርቆሽ አብሬ እጭናለሁ። ጨጓራዋ የለመደውን በአንድ ቀን ከቀየራችሁባት ያስቀምጣታል፣ መብላትም ታቆማለች። ለ21 ቀን ከሌሎቹ ለይቼ፣ በተለየ ባልዲ አጠጣታለሁ።

አሁን ወደ ጭዱ። ላሟ የምትደርቅበት ጊዜ ሆዷ ውስጥ ያለው ጥጃ በጣም የሚያድግበት ነው። በየካቲትና በመጋቢት የገብስ ጭድ ብቻ ከበላች ከስታ ትወልዳለች፣ ከስታ የወለደችም ሐምሌ ላይ ኮርማ አትፈልግም፤ ቆጠራው ሁሉ እዚህ ይበላሻል። ጭድን በዩሪያ ማከም ለዚህ ነው። ለማዳበሪያ የሚሸጠው ያው ዩሪያ ነው፤ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ግን ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም።

ጉድጓዴ ርዝመቱ 3 ሜትር ተኩል፣ ወርዱም ጥልቀቱም 1 ሜትር ተኩል ነው። በደንብ ሲረገጥ ከ600 እስከ 700 ኪሎ ጭድ ይይዛል፤ ለአራት ላም፣ ለእያንዳንዷ በቀን 5 ወይም 6 ኪሎ ቢሰጥ አንድ ወር ይሄዳል። ግድግዳውንና ወለሉን ወፍራም ላስቲክ አለብሳለሁ። መጠኑ ለመያዝ ይመቻል፦ 20 ኪሎ ጭድ፣ 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ቢጫ ጀሪካን ውኃ፣ 1 ኪሎ ዩሪያ። ጭዱን በሚንጠለጠል ሚዛን መዝኑ፤ በግምት የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ጭዱን ያሳንሰዋል፣ ዩሪያው ይበዛል። ዩሪያ ሲሟሟ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ጀሪካኑን ስትነኩት እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል። በታኅሣሥ ብርድ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ ከሠራችሁ ቅንጣቱ ከሥር ይቀራል፣ የመጨረሻው ጭድ ላይ ተሰብስቦ ይወርዳል። ያን ቦታ የበላች ላም ትመረዛለች። እኔ ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ፣ እጄን አስገብቼ ከሥር ምንም ሻካራ ነገር እንደሌለ ሳላረጋግጥ አላፈስም።

20ውን ኪሎ በትኖ፣ በአትክልት ማጠጫ እኩል አርከፍክፎ፣ በእግር መርገጥ፣ ከዚያ ሌላ ንጣፍ። ጠርዙንና ማዕዘኑን አጥብቃችሁ ርገጡ፣ አየር የሚቀረው እዚያ ነው። ከላይ እንደ ጣሪያ አሹሎ፣ ላስቲኩን አጥፎ፣ አንድ ክንድ አፈር መጫን። ዩሪያው ወደ አሞኒያ የሚለወጠው በእርጥበትና በሙቀት ነው፤ ጭዱን የሚያለሰልሰውም አሞኒያው ነው። ቆላ ላይ 21 ቀን ይበቃል ይባላል፣ እውነትም ይበቃል። እዚህ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልበት ወር ግን በ21 ቀን ስትከፍቱት ጭዱ እንዳለ ቢጫ ነው፣ ዩሪያውም ገና አልተለወጠም። እኔ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሞልቼ የምከፍተው የካቲት ሲገባ ነው። የደረሰው ጭድ ቡናማ ይሆናል፣ በጣት ሲጠቀለል አይሰበርም፣ ሽታውም ዓይን ያስለቅሳል። ላስቲኩ በአይጥ የተበሳበት ቦታ ነጭ ሻጋታ ይይዛል፤ ያንን ክፍል አውጥቼ ፍግ ላይ እጥለዋለሁ።

የነገውን ዛሬ ማታ አውጥቶ ማናፈስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሩቡን ብቻ ከተለመደው ጭድ ጋር ቀላቅሉ። ለፈረስ፣ ለአህያ፣ ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃም አይሰጥም። የተበጠበጠ ዩሪያ የያዘ ጀሪካን ክፍት ትታችሁ ለአፍታም አትሂዱ፤ ላም ጨው መስሏት ትጠጣዋለች። ተነፍታ፣ ምራቋ እየወረደ፣ ቆዳዋ ከተንቀጠቀጠ 3 ወይም 4 ሊትር አቼቶ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ቀጥኖ፣ ጭንቅላቷ ወደ ላይ ሳይቃና፣ ቀስ ተብሎ በጠርሙስ ይሰጣታል፤ ሐኪም እስኪደርስ ጊዜ የሚሰጠው ይህ ነው። አቼቶው ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ተገዝቶ ቤት ይቀመጥ።

ከጭዱ ጋር ለደረቀችው ላም በቀን 2 ኪሎ ቅይጥ እሰጣለሁ፤ ከወለደች በኋላ ለየ2 ሊትር ተኩል ወተት 1 ኪሎ። ከመቶ ኪሎው 45 ፉርሽካ፣ 20 ፍሩሽኬሎ (ደቃቁ የስንዴ ፉርሽካ)፣ 32 የኑግ ፋጉሎ፣ 1 ጨው፣ 2 ለመኖ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ግንብ የሚለሰንበት የተቃጠለ ኖራ አይደለም። ለደረቀችው ግን የኖራ ድንጋዩን አልጨምርም፤ በደረቀችበት ወራት ካልሲየም ከበዛላት ስትወልድ ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣት አይለምድም፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ትተኛለች። ፋጉሎ ስትገዙ ሰብራችሁ አሽትቱ። የሻገተ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፣ እሱም በወተቱ ወጥቶ ልጆች ጋ ይደርሳል፣ ማፍላትም አያጠፋውም።

ከቆጠራው ያመለጠች ላም ሁልጊዜ አንድ አትጠፋም። የእርሷን የጾም ወተት እያረጋሁ እንጣለሁ፤ ቅቤው ተነጥሮ ለፋሲካ ይቆያል፣ አሬራው ለጥጆች ነው። በወይራ የታጠነ እቃ ላይ የረጋ ወተት ሽታው ሌላ ነው፣ ቅቤ ገዢም ያን ሽታ ያውቃል።

ሚያዝያ ሲገባ መውለጃዋን ቦታ በደረቅ ጭድ አነጥፋለሁ። ጥጃው እንደተወለደ እትብቱ አዮዲን ውስጥ ይነከራል፤ ግቷ በለብታ ውኃ ታጥቦ በራሷ ጨርቅ ይደርቃል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ 2 ሊትር እንገር፣ ከተወለደ ስድስት ሰዓት ሳይሞላው ሌላ 2 ሊትር። በጡት ይጠባል ብሎ መተው አይበቃም፣ ምን ያህል እንደጠባ አይታወቅምና፤ አልቤ በጡጦ እሰጣለሁ። ሌሊት ለሚወለደው ደግሞ፣ ከጎበዝ ላም የተረፈ እንገር 1 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሲፈለግ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይቀልጣል፤ እሳት ላይ ከተጣደ ይረጋና ጥቅሙ ይጠፋል።