መዋቅር ሲቀየር ዓይነ ስውር ሠራተኛ ምን ያድርግ? እኔ ያደረግኩት

ዓይነ ስውር ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድርጅት ውስጥ ለረጅም ዓመታት የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራው ጆሮና ጥሩ ማስታወስ ይፈልጋል፤ የየክፍሉን የውስጥ መስመር በቃሌ ነበር የማውቀው። ከዚያ ድርጅቱ ስልኩን ቀየረው፤ ደዋዩ ራሱ ቁጥር እየተጫነ ወደሚፈልገው ክፍል ይገባ ጀመር። አዲስ መዋቅር መጣ፣ ድልድል ተጀመረ፣ የእኔ መደብ ተሰርዞ «የደንበኞች መረጃና ቅሬታ ተቀባይ» በሚል ተተካ። ቅሬታ በኮምፒውተር መመዝገብ፣ ፎርም መሙላት፣ የባለጉዳይ መታወቂያ ማመሳከር፣ ሪፖርት ማዘጋጀት።

የሰው ሀብት ኃላፊው ወጣት ነው፤ በቅን ልብ ነው የመጣው። «እትዬ፣ ምንም አያስቡ። ደመወዝዎ እንዳለ ነው፣ እዚያው ይቀመጣሉ» አለኝ።

ይሄ ብዙዎቻችን ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ደግነት ስለሚመስልም እምቢ ለማለት ያስቸግራል። ግን ሥራ ሳይሰጠው የተቀመጠ ሰው እድገት አያገኝም፣ ሥልጠና አይላክም፣ የሚቀጥለው ድልድል ሲመጣ ደግሞ «ምን ስትሠሪ ነበር?» ሲባል የሚያሳየው ነገር የለውም። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ እኔ ግን መሥራት ነው የምፈልገው። የሥራ ዝርዝሩን በሶፍት ኮፒ ላክልኝ» አልኩት።

ላከልኝ። ስክሪን ሪደሬ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ያነበንብ ጀመር። ፋይሉ የተጻፈው በድሮ የፓወር ግዕዝ ፊደል ነበር፤ ዓይን «ሀ» ብሎ የሚያየውን ኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል አድርጎ ነው የሚያውቀው። ኮምፒውተር የግዕዝን ፊደል በራሱ ማንነት ወደሚያውቅበት አጻጻፍ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ሲቀየርልኝ ያው ፋይል ጥርት ብሎ ተነበበ። ለኃላፊው እዚያው አስደመጥኩት። ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ይቺ ሠራች፤ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ በጆሮው ሰማው።

ከዚያ ቁጭ ብለን የሥራ ዝርዝሩን ተራ በተራ አየነው። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው ውጤት ምንድን ነው? ማየት የሚያስፈልገው ለውጤቱ ነው ወይስ እስካሁን በተለመደው አሠራር ምክንያት? ቅሬታ መቀበል መስማት ነው፣ እሱን ስሠራ ኖሬአለሁ። መመዝገብ በኪቦርድ ይሆናል። ሪፖርትም እንደዚሁ። በእርግጥ ዓይን የሚፈልገው መታወቂያ ማመሳከሩ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱን አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወሰደች፣ እኔ በምትኩ የእሷን ስልኮች ወሰድኩ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ነው፤ እሷ ስልክ ላይ የሚጮህ ባለጉዳይ አትወድም።

ስክሪን ሪደሩ ኤንቪዲኤ ይባላል። ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን የጀመሩት ነው፣ በነፃ ይወርዳል፤ ስለዚህ «በጀት የለም» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። የአማርኛ ድምፁ ሮቦት ሮቦት ይላል፣ ግን ይለመዳል። ከባዱ የድርጅቱ ሲስተም ነበር። ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁልፎች ስም ስላልተጻፈላቸው የምሰማው «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ ነው፤ የቱ «መዝግብ» የቱ «ሰርዝ» እንደሆነ በምን ይታወቃል? የአይቲ ልጆች አጠገቤ ተቀምጠው ሰሙና ለየቁልፉ ስም ሰጡት። ሌላው ጣጣ ደዋዩና ስክሪን ሪደሩ እኩል ማውራታቸው ነው። አሁን ደዋዩን በአንድ ጆሮዬ፣ ኮምፒውተሩን በሌላው እሰማለሁ። መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ስለዚህ ልምምዱን ባለጉዳይ በማይበዛበት ሰዓት እንድጀምር ጠየቅኩ፣ ተፈቀደልኝ።

ሥልጠናው ላይ አሠልጣኙ «እዚህ ጋ ክሊክ አድርጉ፣ ከዚያ እዚያ ጋ» ይል ነበር። ጽሑፉ ቀድሞ እንዲላክልኝና የሚነካውን ቁልፍ በስሙ እንዲጠራ ጠየቅኩት። ሌሎቹም ሠልጣኞች ይሄ ጠቀመን ብለዋል።

ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል፣ ክስ ባታስቡም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ሲል መሣሪያውን ብቻ አይደለም፤ የሥራው መስፈርት፣ የሥራ ሰዓቱና የሥራ አካባቢው ሁሉ ይገባበታል። አሠሪው ከአቅም በላይ የሆነ ጫና ካልሆነበት በቀር ማመቻቸት አለበት። ረዳት መመደብም እዚያው ላይ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ አንቀጽ 28 ላይ ችሎታ አነሰህ ተብሎ መሰናበትን ከሥልጠና ጋር ያያይዘዋል፤ የተዘጋጀለትን ሥልጠና እምቢ ያለ ወይም ሠልጥኖም ያልቻለ ነው የሚለው። ስለዚህ «ይህን ሥራ አትችይም» ከመባሉ በፊት «ምን ሥልጠና ተሰጠኝ? በሚነበብልኝ መንገድ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

የተስማማንበትን ሁሉ በደብዳቤ አስደረግኩ። በቃል የተባለ ነገር ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ደብዳቤው ላይ ከመታወቂያው ሥራ ቅያሬ ሌላ ሁለት ነገር አስገባሁ። አንደኛው፣ የአፈጻጸም ምዘናዬ ሲስተሙ ከተስተካከለ በኋላ ባለው ሥራ እንዲሆን ነው፤ ቁልፍ በማይነበብበት ሲስተም ላይ «ዘገምተኛ» ተብሎ ነጥብ መቀነስ ተገቢ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሲስተም ሲታደስ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በስክሪን ሪደር እንዲሞከር ነው። ድልድል ላይ ያላችሁ ይቺን ሁለተኛዋን አትርሷት። በቅርቡ ሲስተሙ ሲታደስ የቁልፎቹ ስም ተመልሶ ጠፍቶ ነበር፣ ሙከራው ላይ ስለታወቀ ግን ሥራዬ ሳይቆም አስተካከሉት።

አሁን የቀረኝ የሰርኩላር ጉዳይ ነው። ማኅተምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ስካን ተደርጎ ይላካል፤ ለስክሪን ሪደር ያ ፎቶ ነው፣ አንድ ቃል አይነበብም። ዋናው የዎርድ ፋይል አብሮ እንዲላክልኝ ለመዝገብ ቤት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። እስኪመለስልኝ ድረስ ያቺው አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ታነብልኛለች።